በባትሪ ለሚሠራ ድሪልና ግራይንደር ትክክለኛውን ቻርጀር እንዴት እንመርጣለን?

በባትሪ የሚሠራ ድሪል፣ ግራይንደር ወይም መጋዝ ያለው ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን ቻርጀር ፍለጋ መውጣቱ አይቀርም። ወይ የድሮው ተቃጥሏል፣ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ መሣሪያው ከአሜሪካ በስጦታ መጥቶ ከእኛ መብራት ጋር አልስማማ ብሏል፣ ወይ ደግሞ ሥራው በዝቶ አንድ ቻርጀር አልበቃ ብሏል። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ባትሪውን ይዞ ሱቅ ይገባል፤ ሻጩ ከመደርደሪያ ባወረደለት ቻርጀር ላይ ይሰካዋል፤ ቀይዋ አምፖል ስትበራ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። አምፖሏ የምትናገረው ግን ቻርጀሩ ኃይል ማግኘቱን ብቻ ነው። ባትሪውን በልኩ መሙላቱ፣ ሲሞላም ማቆሙ የሚታወቀው በኋላ ነው፤ አንዳንዴም የሚታወቀው ባትሪው ሲያብጥ ወይም ሲጨስ ነው።

ብዙ ጊዜ የመሣሪያው ውድ ክፍል ባትሪው ነው፤ የባትሪውን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ደግሞ ቻርጀሩ ነው። ስለዚህ ምርጫው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ የግድግዳው መብራት፣ ከዚያ ፍጥነቱ፣ ዋጋው መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሻጭ ቃል ሳይሆን በራስዎ ዓይን አይተው ይለፉ።

1. ባትሪው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ

ባትሪውን ከመሣሪያው ነቅለው ይገልብጡት። ከሥሩ ወይም ከጎኑ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ሦስት ነገሮች ይፈልጉ፦ የባትሪው ዓይነት፣ ቮልቱ፣ አምፔር-ሰዓቱ (ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ የሚናገረው ቁጥር)። ጽሑፉ በአቧራ ከተሸፈነ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉትና በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። ሱቅ ሲገቡ ለሻጩ የሚያሳዩት ያንን ፎቶ ነው።

ዓይነቱ ከሁሉ ይቀድማል። ዛሬ አዲስ ሆነው የሚሸጡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሊቲየም-አዮን ናቸው። ያገለገሉ ሆነው የሚገቡ የቆዩ መሣሪያዎች ግን ኒኬል-ካድሚየም የሚባለውን ባትሪ ሊይዙ ይችላሉ። የአውሮፓ ኅብረት ካድሚየም መርዛማ በመሆኑ ይህን ባትሪ ለገመድ አልባ መሣሪያዎች እንዳይቀርብ የከለከለው በ2016 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተመረቱት አሁንም በየጋራዡና በየአናጢ ቤቱ አሉ።

የሁለቱ አሞላል ፈጽሞ አይገናኝም። ኒኬል-ካድሚየም ሲሞላ ቮልቱ በጥቂቱ ወረድ ይላል፣ ሰውነቱም ይሞቃል፤ ቻርጀሩ ያንን ምልክት ጠብቆ ያቆማል። ርካሾቹ ደግሞ ምልክት እንኳ ሳይጠብቁ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ያንጠባጥባሉ። ሊቲየም ያንን ምልክት አይሰጥም። ባትሪው ውስጥ ከተደረደሩት ትናንሽ ባትሪዎች (ሴሎች) እያንዳንዷ 4.2 ቮልት ላይ ስትደርስ ቻርጀሩ ቮልቱን እዚያው ላይ ያዝ አድርጎ ከረንቱን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ በመጨረሻም ማቆም አለበት። የኒኬል ቻርጀር ሊቲየም ባትሪ ላይ ከተሰካ የማይመጣውን ምልክት እየጠበቀ መግፋቱን ይቀጥላል። እሳት የሚነሣው እንዲህ ነው። እግሩ ገጠመ፣ ቮልቱም 18 ነው ተብሎ መሞከር የለበትም።

ቮልቱን ለመረዳት የሴሎቹን ቁጥር ማወቅ ይበቃል። አንዲት የሊቲየም ሴል በተለምዶ 3.6 ቮልት ትባላለች፣ ስትሞላ ግን 4.2 ናት። ባትሪው ውስጥ በተከታታይ የተያያዙት ሴሎች ቁጥር ቮልቱን ይሰጣል፦

3 ሴል፦ 10.8 ቮልት፣ ሲሞላ 12.6 (ብዙ ጊዜ «12 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው)
4 ሴል፦ 14.4 ቮልት፣ ሲሞላ 16.8
5 ሴል፦ 18 ቮልት፣ ሲሞላ 21 («18»፣ «20» ወይም «21» ተብሎ የሚሸጠው)
10 ሴል፦ 36 ቮልት፣ ሲሞላ 42 («36» ወይም «40» ተብሎ የሚሸጠው)

ከዚህ ተነሥተው ሲያዩት 18 እና 20 ቮልት የሚለው ክርክር ያበቃል። ዲዎልት አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ብሎ የሚሸጠውን አውሮፓ ውስጥ 18 ይለዋል፤ ባትሪው ያው ነው። አንደኛው የተሞላውን፣ ሌላኛው የተለመደውን ቮልት ቆጥሮ ነው።

ከባድ የሚሆነው ስም የለሽ ወይም ስሙ በየሳምንቱ የሚቀየር ዕቃ ላይ ነው። እንዲህ ያሉ ድሪሎች ላይ 48፣ 88፣ 128 ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ ከቁጥሩ ጎን ትርጉም የሌላት ትርፍ ፊደል ትጨመራለች። ብዙዎቹን ሲከፍቷቸው ውስጣቸው ያሉት አምስት ሴሎች ናቸው፤ ማለትም 18 ቮልት። የተጻፈውን አምኖ 48 ቮልት ቻርጀር የሚፈልግ ሰው ወይ አያገኝም፣ ወይ ያገኘው ባትሪውን ያፈነዳበታል። ባለቤቱ እውነቱን የሚያገኘው በቴስተር ነው። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ጫፍ በመደመር፣ ጥቁሩን በመቀነስ ምልክት ያለበት ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ ይጠንቀቁ። 20 ወይም 21 አካባቢ ካነበቡ አምስት ሴል ነው፣ 16 አካባቢ አራት፣ 12 አካባቢ ሦስት።

አምፔር-ሰዓቱም ላይ ተመሳሳይ ማጋነን አለ። 18650 በሚባለው የተለመደ መጠን የተሠራች አንዲት ሴል ከ3.5 አምፔር-ሰዓት ገደማ አታልፍም። ስለዚህ እንዲህ ባሉ አምስት ሴሎች ብቻ የተሠራ ቀላል ባትሪ 6.0 ተብሎ ቢጻፍበት እውነት ሊሆን አይችልም። ይህ ለቻርጀር ምርጫ ለምን እንደሚጠቅም አምፔር ላይ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

2. አንድ ዓይነት ስም ማለት አንድ ዓይነት ባትሪ ማለት አይደለም

የታወቁት አምራቾች ባትሪና ቻርጀር ከመደመርና ከመቀነስ ሌላ በሦስተኛና በአራተኛ ብረት ይነጋገራሉ። በዚያ በኩል ባትሪው ሙቀቱን ለቻርጀሩ ያሳውቃል፤ አንዳንዱ ማንነቱንና ያለበትን ሁኔታ ጭምር ይናገራል። የማኪታ ባትሪ በቦሽ ቻርጀር የማይሞላውም እግሩ ስለማይገጥም ብቻ አይደለም።

በአንድ ስም ሥር እንኳ ልዩነት አለ። ማኪታ 18 ቮልት የሆነ ኤልኤክስቲ የሚባል መስመር አለው፤ በርከስ ያለና ጂ የሚባል ሌላ የ18 ቮልት መስመርም አለው፤ ሁለቱ ባትሪ አይዋዋሱም። ቦሽም ሰማያዊው የባለሙያ ነው፣ አረንጓዴው የቤት ነው፤ ሁለቱም 18 ቮልት ሆነው ባትሪያቸው አይለዋወጥም። ሻጩን «የማኪታ 18 ቻርጀር አለ?» ብሎ መጠየቅ ስለዚህ በቂ አይደለም። የባትሪውን ሙሉ መለያ፣ ፊደሉን ከነቁጥሩ፣ ያሳዩት።

በአንጻሩ አንዳንድ ቻርጀር ከአንድ በላይ ቮልት ይሞላል። የዲዎልት ዲሲቢ115 የዚያኑ ድርጅት የ12ና የ20 ቮልት ተንሸራታች ባትሪዎች ይቀበላል፤ የማኪታ ዲሲ18አርሲ 14.4ንም 18ንም ይሞላል። ሁለት ዓይነት መሣሪያ ያለው ሰው በአንድ ቻርጀር ሊገላገል ይችላልና መጠየቅ አይከፋም።

3. ግድግዳው የሚሰጠውንና ቻርጀሩ የሚፈልገውን ያስተያዩ

እዚህ ላይ ነው ገንዘብ በጭስ የሚሄደው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ቻርጀሩን ገልብጠው ኢንፑት የሚለውን ጽሑፍ ይፈልጉ፤ ከጎኑ የሞገድ ምልክት ያለበት ቁጥር ነው። ከሦስት አንዱን ያገኛሉ።

ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የትም አገር ይሠራል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው። መብራት ሲወርድም ስለሚችል ለእኛ አገር ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። ከ220 እስከ 240 ወይም 230 የሚል ከሆነ በአውሮፓ፣ በእስራኤልም ሆነ በኤምሬትስ እንዲሠራ የተመረተ ነው፤ እኛም ጋር ያለ ችግር ይሠራል። የኤምሬትሱ ሦስት አራት ማዕዘን ጥርሶች ስላሉት ማስማሚያ ይፈልጋል፤ የአውሮፓው ባለ ሁለት ክብ ጥርስ በቀጥታ ይገባል። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን እጅዎን ከሶኬቱ ይሰብስቡ።

ማስማሚያ የጥርሱን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀንስም። 120 ብቻ የሚለው ቻርጀር 220 ላይ ሲሰካ ምን እንደሚሆን የሚጠግኑት ሰዎች ያውቁታል። ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ 200 ቮልት እንዲችል የተሠራ ነው፤ የ120 ቮልት መብራት ቻርጀሩ ውስጥ ወደ ቀጥተኛ ቮልት ሲለወጥ 170 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ይበቃዋል። የ220 ግን 311 ቮልት ይደርሳል። ካፓሲተሩ ጠሽ ይላል፣ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ክፍሉ በሚጎመዝዝ ሽታ ይሞላል። በኋላ አንዳንድ ጠጋኝ ካፓሲተሩን በ400 ቮልት ለውጦ «አሁን በ220 ይሠራል» ሊል ይችላል። አይቀበሉት፤ ቀሪዎቹ ክፍሎች የተመጠኑት ለ120 ነውና።

የሞዴል ስም ብቻውን እንዳያታልልዎ። ዲሲቢ115 ወይም ዲሲ18አርሲ የሚለው ስም በአሜሪካው 120 ላይም፣ በአውሮፓው 230 ላይም አንድ ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። ሳጥኑ፣ ቀለሙ፣ ስሙ ሁሉ ያው ነው፤ የሚለየው ኢንፑት የምትለዋ መስመር ናት።

ከአሜሪካ መሣሪያ የደረሰው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? የእኔ ምክር ባትሪውንና መሣሪያውን ይዞ ቻርጀሩን ብቻ መለወጥ ነው። የዲዎልት 20 ቮልት የአሜሪካ ባትሪ በአውሮፓው የ18 ቮልት ቻርጀር ይሞላል፤ የማኪታ ኤልኤክስቲም፣ የሚልዋኪ ኤም18ም እንዲሁ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲልክ ቻርጀር የሌለውን መሣሪያ ከነባትሪው ይላክ፤ ቻርጀሩ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ይምጣ፣ ወይም 220 የሚለው እዚሁ ይገዛ።

ያ ካልተቻለ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ። መጠኑን ለማወቅ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ያንብቡ፤ ዋት ካልተጻፈ ኢንፑት ላይ ያለውን አምፔር በ120 ያባዙ። ፈጣኑ የማኪታ ቻርጀር 240 ዋት ይወስዳል፤ 4 አምፔር የሚሰጥ መካከለኛ ቻርጀር 100 ዋት አካባቢ። ትራንስፎርመሩ የዚያን እጥፍ ይሁን፤ ጠርዙ ላይ ሲሠራ የሚውል ትራንስፎርመር ይግላል። ለመንገደኛ ተብለው የሚሸጡትን የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ቀላል የቮልት መቀነሻዎች ግን ለዚህ ሥራ አይጠቀሙባቸው። ብዙዎቹ የተሠሩት እንደ ፀጉር ማድረቂያ ላለ የሚያሞቅ ዕቃ ነው፤ የሚሰጡት ሞገድ የተቆራረጠ ስለሆነ ኤሌክትሮኒክስ ያለበትን ቻርጀር ያበላሻል።

4. ባትሪው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ

ርካሽ የሆኑት መሣሪያዎች ቻርጀራቸው እንደ ስልክ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ተሰክቶ በቀጭን ገመድ ወደ ባትሪው ክብ ቀዳዳ ይገባል። ብዙ ስህተት የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያ ክብ ጫፍ የራውተርም፣ የካሜራም፣ የሌላ ድሪልም ቻርጀር ጫፍ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ይገባል፤ የሚስማማው አንዱ ብቻ ነው።

አውትፑት የሚለውን ያንብቡ። ለሦስት ሴል 12.6፣ ለአራት 16.8፣ ለአምስት 21 ቮልት መሆን አለበት። 12 ቮልት ለሚባለው ባትሪ 12 ቮልት አውትፑት ያለው ተራ የራውተር አዳፕተር ቻርጀር አይደለም፤ ባትሪውን አይሞላውም። ለ18 ቮልት ባትሪ 24 ቮልት አዳፕተር መሰካት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ እያንዳንዷን ሴል ወደ 4.8 ቮልት ሊገፋት ይችላል። ባትሪው ውስጥ መከላከያ ሰሌዳ ካለ ያቆመው ይሆናል፤ ርካሾቹ ላይ ግን ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የለም፤ ከእሳቱ የሚከላከለው ቻርጀሩ ብቻ ነው።

የሚቻል ከሆነ ሱቁ ውስጥ ይለኩ። ቻርጀሩን ግድግዳው ላይ ሰክተው ከባትሪው ጋር ሳያያይዙ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ በክቡ ጫፍ ውስጠኛ ቀዳዳ፣ ጥቁሩን በውጪው ብረት ላይ ያድርጉ። ለአምስት ሴል ከ20.8 እስከ 21.2 መካከል ማንበብ ይኖርበታል። ቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከመጣ መደመርና መቀነሱ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ከባትሪዎ ጋር አንድ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይስኩት። 23 ወይም 24 ካነበቡ ቻርጀሩን ለሻጩ መልሰው ይውጡ።

5. አምፔርና ጊዜ

ቻርጀሩ ላይ አውትፑት በሚለው መስመር ከቮልቱ ቀጥሎ ያለው አምፔር ፍጥነቱን ይናገራል። የባትሪውን አምፔር-ሰዓት ለቻርጀሩ አምፔር ያካፍሉ፤ የመጨረሻው ክፍል በዝግታ ስለሚሞላ አንድ አምስተኛ ያህል ይጨምሩ። 4.0 የሆነ ባትሪ በ1 አምፔር ቻርጀር አምስት ሰዓት ገደማ፣ በ2 አምፔር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በ4 አምፔር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ያለ ጊዜ ይወስዳል። ማኪታ ፈጣኑ ዲሲ18አርሲ 5.0 ባትሪን በ45 ደቂቃ እንደሚሞላ ይገልጻል፤ ዝግተኛው ዲሲ18ኤስዲ ለዚያው ባትሪ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ቦሽ ላይ አምፔሩን ከስሙ ማንበብ ይቻላል፤ ጋል 18ቪ-20 ማለት 2 አምፔር፣ ጋል 18ቪ-40 ማለት 4፣ ጋል 18ቪ-160 ማለት 16 ነው።

ፈጣኑ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። እኔ አልስማማም። ጂፕሰም የሚሠራ ወይም አልሙኒየም የሚገጥም ሰው በቀን አንድ ሁለት ባትሪ የሚጨርስ ከሆነ፣ ለፈጣን ቻርጀር የሚያወጣውን ትርፍ ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ላይ ቢያውለው ይሻለዋል። አንዱ ሲሠራ ሌላው በ4 አምፔር ይሞላል፤ ሥራ አይቆምም፤ ባትሪውም አይጋልም። ፈጣን ቻርጀር ዋጋውን የሚመልሰው ቀኑን ሙሉ ግራይንደርና መዶሻ ድሪል ለሚያሠራ ሰው፣ ወይም መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ቦታ ነው። ያ የኋለኛው ለብዙዎቻችን እውነተኛ ምክንያት ነው፤ በዚያች አጭር ጊዜ ሁሉንም ባትሪ መሙላት ግድ ይሆናልና። እንዲያ ከሆነ የሚገዙት ፈጣን ቻርጀር ነፋስ መስጫ ያለው ይሁን።

ክብ ቀዳዳ ያላቸው ባትሪዎች ግን ከቻርጀራቸው ጋር አይነጋገሩም። እነርሱ ላይ ፈጣን ቻርጀር አይፈልጉ። የቻርጀሩ አምፔር ከባትሪው እውነተኛ አምፔር-ሰዓት ግማሽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ለ2.0 ባትሪ 1 አምፔር። ከላይ የተጋነነውን 6.0 አምኖ 3 አምፔር የገዛ ሰው ውስጧ 1.5 ለሆነች ባትሪ አቅሟን እጥፍ እየሰጣት ነው።

6. የሚሞላበት ቦታ ሙቀትና የመብራቱ ጠባይ

የሊቲየም ባትሪ በብዙ አምራቾች መመሪያ ከ40 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ እንዲሞላ አይፈቀድም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይህን የሚያስተውለው ግራይንደር ሲያሠራ የቆየ ባትሪ ነቅሎ ወዲያው ሲሰካ ነው፤ ጥሩ ቻርጀር አምፖሉን እያብለጨለጨ ይጠብቃል፣ መጥፎው ዝም ብሎ ይሞላል። ድሬዳዋ፣ ሎጊያ ወይም ጋምቤላ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይህን የሚጠብቅ ቻርጀር መግዛት ምርጫ ሳይሆን ግዴታው ነው። ቻርጀሩ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ጥላና ነፋስ ባለበት፣ ከመጋዝ ዱቄትና ከብረት ብናኝ ርቆ ይቀመጥ። የብረት ብናኝ በነፋስ መስጫው ገብቶ ሁለት መስመር ሊያገናኝ ይችላል።

በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ክረምት ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖቻችን ችግሩ ተቃራኒው ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ ሴሏ ውስጥ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፤ የተለጠፈው ወደ ቦታው አይመለስም። ባትሪውን ወደ ቤት አስገብተው ካሞቁ በኋላ ይሙሉት።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ይንቀሉ። ሲመለስ ቮልቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ይሰኩት። ስታቢላይዘር ቢኖርዎ በእሱ በኩል ያድርጉት፤ ማራዘሚያ ገመዱም ብየዳ ማሽን ከሚሠራበት መስመር የተለየ ይሁን። በጀነሬተር ወይም በሶላር ኢንቨርተር ለሚሞላ ሰው ደግሞ ኢንቨርተሩ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለው መሆን አለበት። ርካሹ የተቆራረጠ ሞገድ የሚሰጠው አንዳንድ ቻርጀሮችን ያንጫጫል፣ ያግላል፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ አይነሡበትም። ከቦታ ቦታ በመኪና የሚሠራ ሰው የመኪና ቻርጀር መኖሩን ይጠይቅ፤ ለምሳሌ ማኪታ ከመኪና ባትሪ በቀጥታ የሚሞላ ዲሲ18ኤስኢ የሚባል አለው።

7. ሱቅ ውስጥ

ባትሪዎን ከግማሽ በታች አውርደው ይሂዱ። ሙሉ ባትሪ ይዞ የሄደ ሰው ቻርጀሩ አረንጓዴ ሲያበራ ያያል እንጂ ሲሞላ አያይም። መርካቶም ቢሆን ሌላ ቦታ ሩብ ሰዓት ተሰክቶ እንዲቆይ ይጠይቁ፤ የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ እጅዎን ቻርጀሩ ላይ ያሳርፉ። ለብ ማለቱ ደህና ነው፤ መዳፍ የማያስቆይ ትኩሳት፣ የፕላስቲክ ሽታ ወይም የሚያፏጭ ድምፅ ካለ አይግዙት። ባትሪው ሲገባ ሳይገፋ መንሸራተት፣ ሲደርስ ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ውስጥ ያሉት የብረት ምላሶች ቀጥ ያሉና የሚያንጸባርቁ ይሁኑ፤ አንዱ ዝቅ ካለ የባትሪውን ሙቀት ለቻርጀሩ የሚያሳውቀው ምላስ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ቻርጀሩ የባትሪውን ትኩሳት አያውቅም። የአስመሳይ ዕቃ ምልክት ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ላይ ነው፦ የፊደል ግድፈት፣ ዋት ወይም አምፔር ያልተጻፈበት፣ ወይም በቀላሉ በጥፍር የሚላጥ። ያገለገለ ከሆነ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ይመልከቱ፤ አናታቸው ከተፋቀ ቀድሞ ተከፍቷል፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ።

ደረሰኙ ላይ «ቻርጀር» ብቻ ሳይሆን ሙሉ የሞዴል መለያው ይጻፍ፤ ለመመለስ ሲሄዱ ክርክር የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

8. ከውጭ ሰው የሚያመጣልዎ ከሆነ

ቻርጀሩ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ችግር የለውም። ከመሣሪያው የተነቀለ የሊቲየም ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚጓዘው። በዓለም አቀፉ የአቪዬሽን ደንብ እስከ 100 ዋት-ሰዓት የሆነ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከሁለት በላይም አይፈቀድም። ዋት-ሰዓቱን ለማግኘት ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ያባዙ። 18 ቮልት 5.0 የሆነው 90 ነው፣ ያልፋል። 18 ቮልት 6.0 የሆነው 108 ስለሆነ መንገደኛው አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ። የብረት ምላሶቹ በፕላስቲክ ክዳናቸው ወይም በኢንሱሌሽን ቴፕ ይሸፈኑ።

9. የመጀመሪያው አሞላልና የአምፖሎቹ ቋንቋ

አዲሱን ቻርጀር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀሙ ቀን ላይ፣ ሰው ባለበት፣ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ አድርገው ይሙሉ። ሲጨርስ ባትሪውን ነቅለው ጥቂት ካሳረፉ በኋላ በቴስተር ይለኩ። አምስት ሴል ያለው ባትሪ ከ20.5 እስከ 21 ቢያሳይ ቻርጀሩ ሥራውን ያውቃል። ከ21.2 በላይ ካሳየ ያን ቻርጀር ዳግም አይስኩት። ከ20 በታች ከሆነ ወይ ቻርጀሩ ቀድሞ ያቆማል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፤ ሌላ ባትሪ ሰክተው ይለዩ።

የአምፖሎቹ ትርጉም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ቻርጀሩ ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ይዩ። ማኪታ ዲሲ18አርሲን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ቀይ ሲበራ እየሞላ ነው፤ ቀይና አረንጓዴ አብረው ሲበሩ 80 በመቶ ደርሷል፤ አረንጓዴ ብቻውን ሲሆን ሞልቷል። ቀዩ ሲያብለጨልጭ ባትሪው ሞቋል ወይም ቀዝቅዟል፤ ሙቀቱ ሲስተካከል ራሱ ይጀምራል። ቀይና አረንጓዴ እየተፈራረቁ ካብለጨለጩ ባትሪውን አልተቀበለውም።

አልቀበልም ሲል ባትሪውን በሌላ ባትሪ ሽቦ «የሚቀሰቅሱ» ሰዎች አሉ። ሴሎቹ ከ2 ቮልት በታች ወርደው ከከረሙ ውስጣቸው ያለው መዳብ መሟሟት ጀምሯል፤ ቻርጀሩ እምቢ ያለው ለዚህ ነው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ተቀስቅሶ ሲሞላ ውስጥ ለውስጥ ሊገናኝና ሊነድ ይችላል። ከዚያ ይልቅ የባትሪውንና የቻርጀሩን የብረት ምላሶች በደረቅ ብሩሽ አጽድተው እንደገና ይሰኩ። አሁንም ካልተቀበለ በደህናነቱ የሚያውቁትን ሌላ ባትሪ ይሞክሩበት። ያኛውን ከተቀበለ ጥፋቱ የባትሪው ነው፤ ያኛውንም ካልተቀበለ ቻርጀሩን ከነደረሰኙ ወደ ገዙበት ይመልሱ።